ባለ መርፌውና ባለ ቁጥሩ

ዛሬ የምተርክላችሁ የራዲዮን ነገር ነው፤ እሱም የአጭር ሞገዱን። የምጀምረው ከአቃቂ ነው። ለሰፈሬ ላደላ ብዬ አይደለም፤ አቃቂን ዘሎ የአገራችንን ራዲዮ ማውራት ስለማይቻል ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ፣ አቃቂ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ሠራ። 1927 ዓ.ም. አልቆ 1928 ሲጠባ የሙሶሊኒ ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በራዲዮ ለዓለም ተናገሩ። እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች አቤት አሉ፤ የእናታቸውን ቃል ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝኛ አሰሙ። መስከረም 22 ቀን ጦሩ መረብን ተሻገረ። የወራሪው አገር ኩባንያ ባቆመው ምሰሶ ወራሪው ተከሰሰ ማለት ነው።

ድምፁ ባሕር የተሻገረው በሽቦ ተጎትቶ አልነበረም። ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከምድር መቶና ከዚያም በላይ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያሸከመውን የአየር ንብርብር መትቶ፣ ነጥሮ ወረደ። የአጭር ሞገድ ምሥጢር ይኸው ነው። ኤፍ ኤም ጋራ ሲጋርደው ይቀራል፤ አጭር ሞገድ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያልፋል። ታዲያ ያ ንብርብር ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት አንድ ዓይነት አይደለም። ቀን በ19 ሜትር ባንድ፣ ማለትም በዚያ የሞገድ ክልል፣ ጥርት ብሎ የተሰማ ጣቢያ ሲመሽ ይጠፋል፤ ሲመሽ ደግሞ 41 እና 49 ሜትር ባንድ ነፍስ ይዘራሉ። አድማጩ ከዚህ ተለዋዋጭ ሰማይ ላይ ድምፅ ለመልቀም ያለው መሣሪያ አንድ ነው፦ መቃኛው። ወጌም ስለዚሁ መቃኛ ነው። መርፌ ይሻላል ወይስ ቁጥር?

የድሮው ባለ መርፌ ራዲዮ ሆዱ ሲከፈት ነገሩ ሁሉ በዓይን ይታያል። ማዞሪያውን ስታሽከረክሩት ቀጭን ክር ይጎተታል፤ ክሩ መርፌውን በቁጥሮቹ መስመር ላይ ይገፋዋል። በዚያው እንቅስቃሴ ጠጋኞች ቫሪያብል የሚሉት ዕቃ አብሮ ይዞራል። ግማሽ ክብ የሆኑ ስስ የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ሳይነካኩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሙሉ በሙሉ ሲገቡ ራዲዮኑ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይወርዳል፤ ሲወጡ ወደ ላይኛው ይሄዳል። በመካከል የሚዘለል ነገር የለም። የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ሳይቀር ወደ ሞገዱ ይተላለፋል።

ባለ ቁጥሩ ውስጥ ክርም ቅጠልም የለም። ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት ናት። እሷ ሳትዛነፍ ትርገበገባለች፤ ቺፑ የእሷን ልክ እያባዛና እያካፈለ ያዘዛችሁትን ቁጥር ይሠራል። የጃፓኑ ሶኒ በ1980 እ.ኤ.አ. አይሲኤፍ 2001 የተባለውን ራዲዮ ሲያወጣ በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ላይ ቁጥር በጣት መንካት ተቻለ። ያ ራዲዮ ማዞሪያ እንኳ አልነበረውም። የባትሪ ድንጋይ በመጨረስ የታወቀ ቢሆንም መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሶኒ 7600 ቤተሰብ ባለ ቁጥሮች መጡ፤ ኋላም የቻይናዎቹ ቴክሰንና ዴገን ተከተሉ።

ልዩነቱን ላስረዳችሁ። ባለ መርፌው እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ «ወራጅ አለ» ባላችሁበት ይቆማል። ባለ ቁጥሩ ግን ቃሊቲ ድረስ እንደሚመጣው ባቡር ከፌርማታ ውጪ አያወርድም። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በመደበኛው አሠራር በ5 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ስለሚደረደሩ ርካሹ ባለ ቁጥር ራዲዮ የሚራመደው በአምስት አምስት ነው። ሻል ያለው በአንድ አንድ ይሄዳል። ይህቺን የአምስትና የአንድ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ። እኛ ሰፈር ሁለት የአጭር ሞገድ አድማጮች አሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርሰው በጡረታ የወጡ አባት ናቸው። የማሽን ጩኸት ውስጥ የኖረ ጆሮ ራዲዮ ላይ እንዲህ ስል ይሆናል ብሎ የሚገምት ሰው የለም። ሁለተኛው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል። የሽማግሌው ራዲዮ ባለ መርፌ ነው፤ የወጣቱ አሜሪካ ያለች ዘመድ የላከችለት ባለ ቁጥር። ተቃራኒ ናቸው፤ ግን ማታ ማታ አይለያዩም።

የሽማግሌውን ራዲዮ በቅርብ ያየሁት ፀሐይ ላይ አውጥተው ሲወለውሉት ነው። የቁጥሮቹ መስተዋት ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም የተደረጉ ናቸው። አንዱ ነጠብጣብ የጀርመኑ ዶይቸ ቬለ ነው፤ አንዱ የአሜሪካ ድምፅ። ታዲያ ነጠብጣቡ ለአንድ ጣቢያ አንድ አይደለም፤ ሦስትም አራትም አለው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሰማዩን እየተከተሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት፣ የሞገድ ቁጥራቸውን ይቀይራሉ። ሽማግሌው በየወቅቱ አዲስ ነጥብ ሲጨምሩ ኖረው መስተዋቱ የዓመታት መዝገብ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ነጥብ ምን ያደርግልዎታል? እኔ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ አምስት ብዬ ስነካው ይመጣልኛል» ይላል ልጁ።

«አንተ ቁጥሩን ታውቃለህ፤ እኔ መንገዱን አውቃለሁ» ይላሉ እሳቸው።

እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው። 31 ሜትር ባንድ 500 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ስፋት አለው። ይህ ስፋት በአምስት ሴንቲ ሜትር መስመር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 10 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም የሁለት ጣቢያ ቦታ ይገባል። ይህ ባንዶቹ ተለይተው የተከፋፈሉለት ጥሩ ራዲዮ ሲሆን ነው። ከ6 እስከ 18 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሁሉ በስምንት ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያጭቀው ርካሽ ራዲዮ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ 150 ኪሎ ኸርዝ ይከምራል፤ ያ የሠላሳ ጣቢያ ቦታ ነው። አስተዋዋቂው አዲስ ቁጥር ሲናገር ባለ ቁጥሩ ወዲያው ይነካዋል፤ ባለ መርፌው ሠላሳ በር ያንኳኳል። በዚህ ላይ መርፌ ይከዳል። ራዲዮኑ ሲሞቅ፣ ድንጋዩ ሲደክም ጣቢያው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ አድማጩ ዜናውን ትቶ ማዞሪያውን ያሳድዳል።

መርፌው ሌላም ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት በ7110 ኪሎ ኸርዝ ሲሰራጭ ኖሯል፤ ገጃ ላይ የተተከለው ማሰራጫ ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆኑ ጉልበተኛ ነበር። ብዙዎቹ ተራ ራዲዮኖች የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ አውርደው ነው የሚሠሩበት። በዚህ አሠራር ጉልበተኛ ጣቢያ የ455 እጥፍ፣ ማለትም 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ጥላውን ይጥላል። ከ7110 ላይ 910 ስትቀንሱ 6200 ትደርሳላችሁ፤ 49 ሜትር ባንድ ጫፍ ላይ። እዚያ የሌለ ጣቢያ እዚያ ይሰማል። ቁጥር የማያሳይ ራዲዮ የያዘ ሰው ጥላውን ከባለቤቱ የሚለይበት መንገድ የለውም። ባለ ቁጥር የያዘ ሰው ግን ሁለቱን ቁጥሮች አቀናንሶ ይደርስበታል። ርካሽ ባለ ቁጥር ራዲዮም ጥላውን ያሰማል፤ ቢያንስ ግን ስፍራውን ይናገራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለልጁ የሚያደላ ነው። አሁን የሽማግሌውን ስሙ።

መጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን ሙከራ እየተደረገ መሆኑን አመኑ፤ ጣቢያውንም የሩዋንዳን ጭፍጨፋ ካነሣሣው ሚል ኮሊን ከተባለው ራዲዮ ጋር አነጻጸሩት። አድማጩ ይህን ከመነገሩ በፊት በጆሮው ያውቀው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ የመግቢያው ሙዚቃ ብቅ ይልና ወዲያው ፏፏቴ የሚመስል ሽሽታ ይደፋበት ነበር። ዶይቸ ቬለም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ይህን ጊዜ ነው የመርፌ ሰዎች ጥበብ የታየው። አንድ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ንግግሩን የሚሸከመው በአንድ ነጥብ ላይ አይደለም፤ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ጎኖች ነው። ሁለቱም ጎኖች የሚሸከሙት ያንኑ አንድ ንግግር ነው። አፋኙ ሽሽታ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሌላኛው ጎን ላይ ንግግሩ ይተርፋል። ሽማግሌው መርፌውን ከነጥባቸው ላይ በፀጉር ስፋት ገፋ ያደርጉታል። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኪሎ ኸርዝ ብትሆን ነው። ድምፁ ይሻክራል፣ ይቀጥናል፤ ግን ቃሉ ይሰማል። እሳቸው ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። የልጁ የመጀመሪያ ራዲዮ ግን በአምስት አምስት የሚራመድ ስለነበረ በዚያ ጎን ላይ መቆም አልቻለም። ወይ ሽሽታው መሐል ነው፣ ወይ ጣቢያውን አልፎ ሄዷል። በዚያ ላይ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ለቅጽበት ዝም ይላል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚያልፈውን ነገር ጆሮ አያገኘውም። መርፌ ሲሄድ ግን የመንገዱ ሁሉ ድምፅ ይሰማል። ዓረብኛው፣ ስዋሂሊው፣ ሶማሊኛው፣ የሞርሱ ጥሪ ሁሉ እያለፈ ነው የሚደረሰው። «መንገዱን አውቃለሁ» ማለታቸው ለካ ይህን ነው።

እውነቱን ለመናገር አፈናው ሁለቱንም ጎን ሲሸፍን መርፌም አያድንም። ያን ጊዜ መዳኛው ሌላ ባንድ ነው። ጣቢያው አንዱን ዝግጅት በአንድ ሰዓት በ31ም፣ በ25ም፣ በ19 ሜትርም ያሰራጫል፤ አፋኙ ሁሉንም እኩል ላይደርስባቸው ይችላል። ከባንድ ባንድ ለመዝለል ቁጥር የሚቀድመው የለም። ሁለቱ ሰዎች ያን ዘመን ያለፉት ተባብረው ነው። ልጁ በቁጥር የተሻለውን ባንድ ፈልጎ ይጮኻል፤ ሽማግሌው መርፌውን እዚያ ወስደው ጎኑን ይለቅማሉ።

ከአሜሪካ ስለመጣው ራዲዮ አንድ ነገር ልበል፤ ዘመዶቻችሁ ልከውላችሁ «አይሠራም» ብላችሁ አስቀምጣችሁት ይሆናልና። በ1975 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በተደረሰው ስምምነት አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎቻቸውን በ9 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ይደረድራሉ። አሜሪካኖቹ በ10 ነው የሚሄዱት። 873 ላይ ያለውን የአገራችንን ጣቢያ በአሜሪካ ርምጃ ስትፈልጉት 870 ላይ ትቆማላችሁ፤ ቀጥሎ 880። ሁለቱም ላይ ድምፁ የተጣመመ ይሆናል። ልጁም ራዲዮኑ የተበላሸ መስሎት ሊፈታው ደርሶ ነበር። 9 እና 10 የሚል ማቀያየሪያ አብዛኞቹ ራዲዮኖች ላይ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ከጀርባ፣ አንዳንዱ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ነው የሚገኘው። ባለ መርፌ ራዲዮ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለእሱ የጄኔቫውም የአሜሪካውም ርምጃ አንድ ነው።

አሁን ገበያው ሦስተኛ ዓይነት አምጥቷል፤ እሱን ንቁበት። ፊቱ ላይ መርፌ አለው፣ ማዞሪያም አለው፤ ሆዱ ውስጥ ግን ቺፕ ነው ያለው። መርፌው ለዓይን ነው፤ ርምጃው የቁጥር ነው። መለያው ጆሮ ነው። ማዞሪያውን በቀስታ አዙሩት። እውነተኛ መርፌ ከሆነ ጣቢያው ከሩቅ እየጎላ መጥቶ እየደከመ ይሄዳል። ቺፕ ከሆነ ጣቢያው ድንገት ይመጣል፣ ድንገት ይጠፋል። መጥፎ ራዲዮ ነው አልልም፤ ብዙዎቹ ጥሩ ይሰማሉ። መርፌ ነው ተብሎ መሸጡ ነው የማይገባው። ደግሞ ባለ ቁጥር ራዲዮ መግዛት ዲጂታል ስርጭት መቀበል ማለት አይደለም። ዲ አር ኤም የሚባለው ዲጂታል የአጭር ሞገድ ስርጭት ሌላ ነገር ነው፤ የራሱን መቀበያ ይፈልጋል። በተራ ራዲዮ ላይ የሚሰማው ሽሽታው ብቻ ነው።

ከመርፌና ከቁጥር በላይ ዛሬ አቃቂ ላይ ያስቸገረው የሰፈሩ ጩኸት ነው። ፋብሪካው፣ የብየዳው ቤት፣ ርካሹ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልኩ ቻርጀር፣ ስታብላይዘሩ ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ ድምፅ ይረጫሉ። ቀን ቀን 49 ሜትር ባንድ ላይ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ሲል ሽማግሌው ከበረንዳቸው ሆነው «አሁን ና!» ብለው የእህታቸውን ልጅ ይጠሩታል። በጨለማው ውስጥ ያ ሁሉ ጉርምርምታ በአንዴ ይረግፋል። ቅድም ያልነበሩ ጣቢያዎች አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ይላሉ፤ የአስተዋዋቂው የወረቀት ኮሽታ ሳይቀር ይሰማል። እኔም አንድ ምሽት አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። በዚያ ሰዓት ሁለቱም ራዲዮኖች እኩል ነበሩ። መብራት ባለበት ሰዓትም ቢሆን ራዲዮኑን ከቻርጀር ነቅሎ በድንጋይ ማዳመጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር አውጥቶ መስኮት ላይ ማድረግና አምስት ስድስት ሜትር ሽቦ ከአንቴናው ጋር አያይዞ ወደ ውጭ መዘርጋት ውድ ራዲዮ ከመግዛት የበለጠ ይረዳል።

የአየሩ ነገር ግን እየሳሳ ነው። ብሥራተ ወንጌል የተባለው የአዲስ አበባ ራዲዮ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ሲመረቅ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ይዞ ነበር፤ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ የጀመረው መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. መጣ። መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዶይቸ ቬለ አማርኛ ስልሳ ዓመት በሞላው ዕለት፣ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በጅምላ ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደረገ። ሽማግሌው ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ቀዩን ነጥብ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ልጁ ቁጥሩን ደጋግሞ ነካ። አንዱም አላመጣም። አፈናን መርፌ ይሸሸዋል፤ ያልተናገረን ጣቢያ ግን መርፌም ቁጥርም አያመጣውም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። አዲስ ራዲዮ የምትገዙ ከሆነ ባለ ቁጥሩን ግዙ፤ ነገር ግን ሻጩን «በስንት ነው የሚራመደው?» ብላችሁ ጠይቁት። በአንድ ኪሎ ኸርዝ የሚራመድ ከሆነ፣ ይልቁንም ጎን መምረጫ ካለው፣ የሽማግሌውንም ጥበብ የልጁንም ፍጥነት ይዟል። በአምስት ብቻ የሚራመድ ከሆነ ግን አትውሰዱት፤ ከእሱ ደህና መርፌ ይሻላል። መርፌ ያለው ሰው ደግሞ ይዞ ይቆይ። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጡ ፊሊፕሶች፣ ግሩንዲጎችና ናሽናሎች አሉ። ብዙዎቹ የሞቱ አይደሉም። ክራቸው ተበጥሶ መርፌያቸው ቆሟል፣ ወይ የድምፅ ማዞሪያቸው አቧራ ገብቶበት ይንኮሻኮሻል። ክር ይቀጠላል፣ አቧራ ይጠረጋል፤ አቃቂም ቃሊቲም ይህን የሚሠሩ እጆች አሁንም አሉ። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፤ ጠጋኝ ሳታሳዩ ለልዋጭ አትስጡት።